በጕድጓድዋ ተሸሽጋ የምትኖር ለጋ ሸረሪት እንዴት እንደምትመገብ

በአገራችን በሰው ቤት የሚያድሩት እንስሳት የታወቁ ናቸው። ውሻው ደጅ ይጠብቃል፤ ድመቲቱ አይጥ ትይዛለች፤ ዶሮዪቱ እንቍላል ትጥላለች። ሸረሪትን ግን መጥረጊያ አንሥተን ከጣራው ማዕዘን እናወርዳታለን እንጂ ቀለብ የሚቈርጥላት ሰው አይተን አናውቅም ነበር። እነሆ ዛሬ በአቦምሳ ከተማ በምንኖርበት ቤት፥ ከመጻሕፍቱ ሣጥን አጠገብ፥ አፈ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ አንዲት ጠጕራም ሸረሪት ቀለብ ተቈርጦላት ተቀምጣለች። ከመጣች ዓመት አልፎአታል፤ ነገር ግን በዓይናችን ያየናት ቀን ቢቈጠር ከሠላሳ አይበልጥም። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ያሳለፈችው ከመሬት በታች ነው።

እንግዲህ የማትታይን እንስሳ እንዴት አድርገው ይመግቡአታል? መብላትዋስ በምን ይታወቃል? ደጅዋን ዘግታ ወር ሙሉ ስትቀመጥ ተራበች ይባላል ወይስ ተኛች ይባላል? ይህን ጥያቄ ያመጣችብን የዐሥር ዓመት ልጃችን ናት። መልሱን ያገኘነው ግን አንዲቱን ሸረሪት በገዛ እጃችን ካጠፋን በኋላ ስለ ሆነ፥ አንባቢዎቻችን ከዚህ በታች የምንጽፈውን ከነጥፋታችን እንዲቀበሉን እንለምናለን።

ነገሩ የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. በሰኔ ወር ነው። አቦምሳ በአርሲ በመርቲ ወረዳ ያለች፥ ቀድሞም የአርባ ጉጉ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች ቆላማ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለው አገር ዝናቡ ሲጥል ከምድር የማይወጣ ፍጥረት የለም። ክንፋሙ ምስጥ ከኵይሳው እየፈለቀ ወደ መብራቱ ይጐርፋል፤ እንቍራሪቱ ይጮኻል፤ ጊንጡም ድንጋዩን ለቅቆ ወደ ቤት ይገባል። በዚያ ሰሞን ከከተማው ዳር እርሻ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ለበቆሎአቸው የውሃ መውረጃ ቦይ ሲቈፍሩ የዶማው ጫፍ አንድ ጕድጓድ ገለጠ። ከእርሳቸው ጋር የነበሩት ሁለቱ ልጆቻችን እንደ ነገሩን፥ ጕድጓዱ እንደ ሐር በነጣ ድር የተለበጠ ነበር፤ በውስጡም የሕፃን መዳፍ የምታህል ጠጕራም ሸረሪት በብዙ ልጆችዋ ተከብባ ነበር። እናቲቱ ከመሸሽ ይልቅ የፊት እግሮችዋን ወደ ላይ አንሥታ፥ ክራንቻዋን ገልጣ ቆመች። ወንዱ ልጃችን ድንጋይ ሲያነሣ ሽማግሌው እጁን ያዙትና፥ «ተው ልጄ፤ እርስዋም የቤት እመቤት ናት፤ ቤትዋን ያፈረስንባት እኛ ነን» አሉት። ጕድጓዱንም በእርጥብ ሣርና በአፈር ሸፈን አድርገው ቦዩን አንድ ክንድ ያህል አጣምመው ቈፈሩ። ከአፈሩ ጋር ወደ ውጭ ከተበተኑት ከትንንሾቹ ሁለቱን ግን ሴቲቱ ልጃችን በባዶ የክብሪት ቀፎ ይዛ መጣች። እያንዳንዳቸው ከነእግራቸው ከባቄላ ፍሬ አይበልጡም ነበር።

ባለቤታችን ቀፎው ተከፍቶ ባየች ጊዜ የተናገረችውን ሁሉ በዚህ ገጽ ላይ መጻፍ አይገባም። በመጨረሻ ግን የጠርሙሱ ክዳን በቀጭን ምስማር ተበስቶ በላስቲክ በድርብ እንዲታሰር፥ ጠርሙሱም ወደ ማድቤት ከቶ እንዳይገባ ወስና ፈቀደች። ከዚህም ውሳኔ ይግባኝ የጠየቀ የለም።

ወሬውን የሰሙ ጎረቤቶችም መጡ። አንዲት እናት፥ «ሸረሪት ከሸናች ቆዳ ይላጣል፤ ምነው ለልጅቱ ብታስቡላት» ብለው ተቈጡን። ስለዚህ ነገር አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በሰው ገላ ላይ በድንገት የሚወጣውን፥ ውሃ የቋጠረውን ቍስል ሕዝባችን የሸረሪት ሽንት ይለዋል። ከዚህ ዐይነት ቍስል አንዳንዱ አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በዝናብ ወራት ወደ መብራት የምትመጣ ቀጭን ጥንዚዛ በቆዳ ላይ ስትደፈጠጥ ከሰውነትዋ በሚወጣው መርዝ የሚነሣ ቃጠሎ ነው። ሸረሪት በሽንትዋ ሰው አታቈስልም። እኒያ እናት ይህን ነግረናቸው አልተቀበሉንም፤ ዛሬም ወደ ቤታችን ሲመጡ የሚቀመጡት በሩ አጠገብ ነው።

ይህች ዐይነት ሸረሪት በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ታራንቱላ ትባላለች። ስሙ የመጣው በኢጣልያ ደቡብ ካለችው ከታራንቶ ከተማ ነው። በጥንት ጊዜ የዚያ አገር ሰዎች ሸረሪት የነከሰችው ሰው ካልጨፈረ አይድንም ይሉ ነበር፤ ታራንቴላ የሚባለውም ጭፈራ ስሙን ከዚሁ አግኝቶአል። የሚያስገርመው፥ ያች የታራንቶ ሸረሪት የሌላ ወገን መሆንዋ ነው፤ ስሟን ወርሰው የቀሩት እነዚህ ጠጕራሞቹ ናቸው። በአፍሪካ የሚኖሩትን እንግሊዞች የዝንጀሮ ሸረሪት ይሉአቸዋል። በአገራችንም ሎክሶፕቲጉስ የሚባል የራሳችን ወገን አለ፤ ለዚህ ወገን ስም ያወጣለት ኤዤን ሲሞን የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም 1903 እ.ኤ.አ. ነበረ። ከዚሁ ወገን አንዲቱ በ1906 እ.ኤ.አ. ስትጻፍ የካርሎ ፎን ኤርላንገር ስም ተሰጣት። ይህ ሰው በ1900ና በ1901 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በሶማሌ አገር እየተዘዋወረ ወፍና አውሬ የሰበሰበ ጀርመናዊ መንገደኛ ነው። ጨቅላዪቱን ሸረሪት አይቶ ከየትኛው ወገን ናት ብሎ መፍረድ ግን ለሊቅም አስቸጋሪ ነው፤ ያደገችቱ ናት በማጉያ መነጽር ተመርምራ የምትለየው። ስለዚህ በቤታችን ያለችው እስከ ዛሬ ሌላ ስም የላትም፤ «ትንሿ» ትባላለች።

ትንሿ እንደ ቤት ሸረሪት በማዕዘን ድር ዘርግታ ዝንብ አትጠብቅም። መሬት ቈፍራ፥ ግድግዳውን በድር ለስና፥ ከደጃፉም ላይ ጥቂት ክር ዘርግታ ከውስጥ ትቀመጣለች። ስምንት ዓይን ቢኖራትም ማየትዋ ደካማ ነው፤ በእግርዋ ጠጕር ግን የመሬቱን መንቀጥቀጥ ትሰማለች። ፌንጣ ወይም ጥንዚዛ ክሩን ሲነካ ብቅ ብላ ትይዘውና ወደ ታች ትጐትተዋለች። ይህንንም የምታደርገው ሲመሽ ነው። እንግዲህ መሸሸግዋ በሽታ ወይም ኀዘን አይደለም፤ ኑሮዋ ነው። እኛ ግን ይህን በጊዜው አላወቅንም ነበር።

ሁለቱን በሁለት ጠርሙስ ለይተን አስቀመጥናቸው፤ አንድ ላይ ቢሆኑ አንዲቱ ሌላዪቱን ትበላለች ብለው ሽማግሌው ነግረውን ነበርና። በየጠርሙሱ አራት ጣት ያህል አፈር ጨመርን። ሁለቱም በመጀመሪያዪቱ ሌሊት ቈፍረው ገቡ። ወንዱ ልጃችን ከእነርሱ የሚበልጥ ሕያው ፌንጣ እያመጣ ይጥልላቸው ነበር። ፌንጣው በጠርሙሱ ውስጥ ሲዘል ያድራል፤ ሲነጋም እርሱ ደኅና ነው፥ ሸረሪቲቱ ግን የለችም። በሁለተኛው ሳምንት አንደኛዪቱ የጕድጓድዋን አፍ በአፈርና በድር ደፈነችው። አንድ ሳምንት ጠበቅን፤ ሁለተኛም ሳምንት ጠበቅን። በሦስተኛው እሑድ ልጅቱ ወደ አክስትዋ ቤት ሄዳ ሳለች፥ በራብ ሙታ ይሆናል ብለን በማንኪያ እጀታ አፈሩን ገለጥነው።

በጀርባዋ ተኝታ አገኘናት። የሞተች መሰለንና በማንኪያው ገለበጥናት። አልሞተችም ነበር። ቅርፊትዋን ስትለውጥ ደረስንባት፤ የላይኛው ቅርፊት ተሰንጥቆ ግማሽ ሰውነትዋ ከአሮጌው ልብስ ወጥቶ ነበር፤ አዲሱም ገላዋ እንደ ወተት የነጣና የለሰለሰ ነበር። ማንኪያው በነካው ጐንዋ ላይ ውሃ የመሰለ አንድ ጠብታ ወጣ። ይህ ደምዋ ነው። እስከ ማታ ድረስ ሁለት እግር ብቻ ስታንቀሳቅስ ቆይታ ሞተች።

ልጅቱ ተመልሳ ነገሩን በሰማች ጊዜ አላለቀሰችም። ጠርሙሱን አንሥታ ካየች በኋላ፥ «አባዬ፥ በሯን ዘግታ ነበር እኮ» አለች። ከዚያም ሁለት ቀን ሙሉ ቃል አልተናገረችንም። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ከሃያ ዓመት በላይ ስናገለግል፥ የተዘጋ ቤት ያለ ዳኛ ትእዛዝ እንዳይበረበር የሚናገር ስንት ወረቀት በእጃችን ገልብጠናል! በክስ ላይ ያለ ሰው «መልካም አስቤ ነው» ሲል ስንሰማም ስንት ጊዜ ፈገግ ብለናል።

ከዚህ በኋላ ስለነዚህ ፍጥረቶች የተጻፈውን መፈለግ ጀመርን። የተረዳነውም እንዲህ ነው። ሸረሪት የገላዋ ደጋፊ ከውጭ ያለው ቅርፊት ነው፤ ልጅ ሲያድግ ልብሱ እንደሚጠበው እርስዋም ስታድግ ቅርፊቱ ይጠባታል። ስለዚህ አሮጌውን አውልቃ አዲሱን ትለብሳለች። ለጋዪቱ ይህን በዓመት ብዙ ጊዜ ታደርገዋለች፤ ያደገችው ግን ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ትቈያለች። ልብስዋን ከመለወጥዋ በፊት ለብዙ ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም ለብዙ ሳምንት ምንም አትቀምስም፤ ሆድዋ ይነፋል፥ ይጠቍራል፥ ያብለጨልጫል። ደጅዋንም ትደፍናለች፤ በዚያች ሰዓት አንዲት ጉንዳን ብታገኛት መከላከል አትችልምና። በጀርባዋ ተኝታ ብትታይ ልብስዋን እየለወጠች ነው እንጂ አልሞተችም። የምትሞተው ሸረሪት በደረትዋ እንዳለች እግሮችዋን ሁሉ ወደ ሆድዋ ትሰበስባለች።

የዚህም ምክንያቱ የሚያስደንቅ ነው። እኛ ክንዳችንን በጡንቻ እናጥፋለን፥ በጡንቻም እንዘረጋለን። ሸረሪት ግን ዋና ዋናዎቹን የእግርዋን መታጠፊያዎች በጡንቻ አጥፋ የምትዘረጋቸው በሰውነትዋ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ወደ እግርዋ እየገፋች ነው። ውሃ ባነሳት ጊዜ መግፋት ያቅታታል፤ እግሩም ታጥፎ ይቀራል። ስለዚህ ሸረሪት የሚጠብቅ ሰው ከምግቡ አስቀድሞ ስለ ውሃው ማሰብ አለበት። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ያልበላችውን ፌንጣ እያየ ሲጨነቅ ሸረሪቲቱ በጥም ታልቅበታለች።

የቀረችው አንዲቱ ብቻ ስለ ሆነች የልጅቱ ልብ በርስዋ ላይ ነበር፤ እኛም ከዚያ ወዲያ ያለ ልጅቱ ፈቃድ ጠርሙሱን አልነካንም። መጀመሪያ ቤትዋን ለወጥንላት። አፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ጠለቀ፤ ከበታች ጥቂት እርጥብ፥ ከላይ ደረቅ ሆኖ በእጅ ተጠቀጠቀ፤ ልል አፈር ጕድጓድ አይዝምና። ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር አስጠግተን በእርሳስ አንድ ቀዳዳ ጀመርንላት። እርስዋም የተጀመረውን ወድዳ ያንኑ አጠለቀችው። ከውጭ በጥቁር ወረቀት ጠቀለልነው፤ ማታ ወረቀቱ ገለጥ ሲል የጕድጓዱ አንድ ጐን እንደ መስኮት ይታያል። ይህች ትንሽ ብልሃት ከመቈፈር አዳነችን። ውሃውን በአሥር ቀን አንድ ጊዜ ያህል መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በግድግዳው በኩል ወደ ታች እናወርዳለን፤ ከላይም አንድ የለስላሳ ቆርኪ ውሃ ይቀመጣል። ነገር ግን ማብዛት አይገባም፤ አፈሩ ጭቃ ከሆነ ሻጋታ ያወጣል፥ ነጫጭ ጥቃቅን ተባዮችም ይፈሉበታል።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። ሸረሪት አታላምጥም። በክራንቻዋ መርዝ ከወጋች በኋላ የምግብ ማሟሚያ ፈሳሽ ታፈስስበትና የሟሟውን ትመጥጠዋለች፤ የሚቀረው ገለባ ተጠቅልሎ የተልባ ፍሬ እንደምታህል ጥቁር እንክብል ሆኖ ይጣላል። ልጃችን ይህችን እንክብል በደጃፉ ላይ ባገኘች ቀን ከትምህርት ቤት ውጤት የበለጠ ተደሰተች። የማትታይ ሸረሪት መብላትዋ የሚታወቀው በዚህ ነውና።

የሚሰጣት ነገር ከሆድዋ መብለጥ የለበትም። ወንዱ ልጃችን ያመጣው የነበረው ታላቅ ፌንጣ ምግብ ሳይሆን ጠላት ነበር፤ ፌንጣ ራሱ ያኝካልና፥ ቅርፊትዋን ስትለውጥ ካገኛት ይበላታል። ለጨቅላዪቱ ከሁሉ የሚሻለው የተገደለ ነው። የትንሽ ፌንጣ ጭን፥ ራሱ የተቈረጠ ምስጥ፥ ወይም ራሱ የተጨፈለቀ የዱቄት ትል በእሾህ ማውጫ ወረንጦ ተይዞ ማታ በጕድጓዱ አፍ ይቀመጣል። ትሉ ራሱ ካልተጨፈለቀ ወደ አፈሩ ቈፍሮ ይገባና ከስርዋ ጐረቤት ይሆናል፤ ይህም አደገኛ ነው። ምስጥ በአገራችን ሳይገዛ የሚገኝ ለስላሳ ምግብ ስለ ሆነ ከኵይሳው ጥቂት መውሰድ ይበቃል፤ ወታደሩ ምስጥ ግን መንጋጋው ክፉ ነውና ራሱ ይቈረጥ። ጉንዳን ከቶ አይሰጥም። ሲነጋ የቀረው ሁሉ በወረንጦው ይነሣል፤ አንድ ቀን ያደረ ሥጋ በቆላው ሙቀት ወዲያው ይሸታል። ለለጋዪቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ፥ እያደገች ስትሄድ አንድ ጊዜ ይበቃታል። ሆድዋ ከደረትዋ ጥቂት ከሰፋ ጠግባለች፤ ከሳሳና ከተጨማደደ ግን በመጀመሪያ ውሃ፥ ቀጥሎም ምግብ ያስፈልጋታል። ደጁ ከተዘጋ ውሃ እንጂ ምግብ አይቀርብም።

ደግሞ ይህን አትዘንጉ። መድኃኒት ከተረጨበት እርሻ ወይም ቤት የተገኘ ተባይ ለሸረሪት መርዝ ነው። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ አገራችንን በወረረ ጊዜ በብዙ ስፍራ መድኃኒት ከአውሮፕላን ሲረጭ ሁላችን አይተናል፤ በእንዲህ ያለው ጊዜ አንበጣ ለቅሞ ለዶሮም ሆነ ለሌላ እንስሳ መስጠት አይገባም። በእኛም ቤት ለበረሮ የምንረጨው ቆርቆሮ ጠርሙሱ ካለበት ክፍል ወጥቶአል። ባለቤታችን ስለዚህ ነገር እስከ አሁን ታማርራለች፤ በእውነቱም በረሮው በዝቶአል።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት በገባ በአምስተኛው ቀን ትንሿ ደጅዋን ዘጋች። ጥቁሩን ወረቀት ስንገልጥ ከመስኮቱ የሚታየው ድር ብቻ ነበር፤ ከውስጥ በኩል ግድግዳውን ለብጣዋለች። አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ወንዱ ልጃችን፥ «ቢያንስ በስንጥር ብናየው ምናለበት» አለ። ልጅቱ ጠርሙሱን አቅፋ ወደ መኝታ ቤት ገባች። በሦስተኛው ሳምንት እኛም በልባችን ተሸነፍን፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ አንዲት ቃል ረዳችን። በምዕራብ አውስትራልያ ባርባራ ዮርክ ሜይን የተባሉ የሸረሪት ሊቅ በ1974 እ.ኤ.አ. የጕድጓድ ሸረሪቶችን በቍጥር ምልክት እያደረጉ መከታተል ጀምረው ነበር። ከእነዚህ አንዲቱ፥ 16 ቍጥር የተሰጣት፥ የእኛዪቱ የሩቅ ዘመድ ናት። ይህች ሸረሪት በዚያችው በአንዲቱ ጕድጓድ 43 ዓመት ኖረች። በ2016 እ.ኤ.አ. የደጅዋ ክዳን በተርብ ተበስቶ ሸረሪቲቱ ጠፍታ ተገኘች፤ ይህ ዐይነቱ ተርብ በሸረሪት ገላ ላይ እንቍላሉን ይጥላልና። በዚህ ሁሉ ዘመን ሊቂቱና ተማሪዎቻቸው ከደጅ ቆመው ተመለከቱ፤ ቤቱን አላፈረሱም። ከእኛ ሦስት ሳምንት ጋር ቢመዛዘን!

በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን፥ በግዕዝ ሸረሪት ሣሬት እንደምትባል፥ በመዝሙረ ዳዊትም የሰው ዘመን በርስዋ እንደ ተመሰለ ተምረን ነበር። ምሳሌው ስለ ዕድሜዋ ማጠር ይመስለን ነበር። ይህን ካነበብን ወዲህ ግን ነገሩን ለመምህሮቻችን እንደገና ብንጠይቅ ደስ ባለን፤ ዛሬ የሉም።

ደጁ የተከፈተው በአርባ አንደኛው ቀን ነው። ያየችውም ልጅቱ አይደለችም፥ እኛም አይደለንም። ባለቤታችን ሌሊት ለውሃ ተነሥታ የእጅ ባትሪውን ወደ ጠርሙሱ አበራችና ወደ መኝታችን መጥታ፥ «ተነሡ፤ ሰውየዋ ወጥታለች» አለች። ለሸረሪት ሰውየዋ ማለትዋ ለእኛ ታላቅ ነገር ነበር። ሁላችን በባዶ እግራችን ተሰበሰብን። በጕድጓዱ አፍ ላይ አራት እግሮች ተዘርግተው ነበር፤ ቀድሞ ከነበሩት ይረዝማሉ፥ ቀለማቸውም እንደ ተቈላ ቡና ጠቍሮአል። ከደጃፉ ራቅ ብሎ አሮጌው ቅርፊት ተጣጥፎ ተጥሎ ነበር። ልጅቱ ያን ቅርፊት በወረንጦ አንሥታ በዚያው በክብሪት ቀፎ አስቀመጠችው። ክራንቻው እስኪጠነክር ደግሞ አንድ ሳምንት ጠበቅንና አንድ የፌንጣ ጭን ሰጠናት። ወደ ታች ስትጐትተው የድሩ ክር ሲንቀጠቀጥ አየን።

ይህን አንብበው ልጆቻቸው ሸረሪት እንዲያመጡ የሚፈቅዱ ወላጆች ቢኖሩ፥ አንድ ነገር አጥብቀን እንነግራቸዋለን። በእጅ አትያዝም። በአሜሪካ ያሉት ታራንቱላዎች ብዙዎቹ የሚያሳክክ ጠጕር ከሆዳቸው እየረገፉ ራሳቸውን ይጠብቃሉ፤ በአፍሪካ ያሉት ግን ይህ ጠጕር ስለሌላቸው የሚመኩት በክራንቻቸው ነው፥ ለመንከስም ፈጣኖች ናቸው። ንክሻው ሰው የሚገድል ባይሆንም ብርቱ ሕመምና እብጠት ያመጣል፤ አንዳንዱም ጡንቻን ያኮማትራል። የተነከሰ ሰው ስፍራውን በውሃና በሳሙና ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በምላጭ መብጣትና በአፍ መምጠጥ አይገባም። ጠርሙሱን ስንከፍት ሁልጊዜ ረጅሙን ወረንጦ እንይዛለን፥ ከትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥም እናኖረዋለን፤ ብትወጣ በሳፋው ውስጥ ትቀራለችና። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ በአጠገቡ አይቆምም። ከዱር የሚገኘውንም ማብዛት ነውር ነው፤ እናቲቱን ከጕድጓድዋ መንቀል ደግሞ የባሰ ነው፥ እንደ ቀድሞ ቤትዋ ያለ ሌላ ለመሥራት ብዙ ጊዜ ይፈጅባታልና።

የዚህች ወገን ሴቲቱ ከተመቻት ከዐሥር ዓመት በላይ፥ አንዳንዲቱም ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች። ወንዱ ግን ካደገ በኋላ ጕድጓዱን ትቶ ሚስት ፍለጋ ይዞራል፥ ብዙም አይቆይም። ባለቤታችን ይህን ሰምታ፥ «እንግዲያው ልጅቱ ስትዳር ሸረሪቷንም አብረን እንድራታለን» ብላ ሣቀች። ልጅቱ ግን አልሣቀችም፤ ሽማግሌው ቦዩን ባጣመሙበት ስፍራ ጕድጓዱ ዛሬም እንዳለ ሄዳ አይታ መጥታለች፤ ትንሿም ጠንክራ ስታድግ ወደዚያ ልትመልሳት ከሽማግሌው ጋር ተነጋግራለች። መቼ እንደሚሆን ግን ሁለቱም ቀን አልቈረጡም።

እስከዚያው ድረስ ከጠርሙሱ አጠገብ አንድ ደብተር ተሰቅሎአል። በውስጡ ምግብ የቀረበበት፥ የተበላበት፥ ያልተበላበት፥ ውሃ የወረደበት ቀን ይጻፋል። የአጻጻፉን ሥርዓት ያስተማርናት እኛ ነን፤ መዝገቡን መያዝ ግን የእርስዋ ሥራ ነው፥ እኛም እንድንጽፍበት አልተፈቀደልንም። ይህን ጽሑፍ ልንዘጋ ስንል ገልጠን ያየነው የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ዓርብ ማታ፤ ምስጥ ሁለት፥ ራሳቸው የተቈረጠ። ቅዳሜ ጧት፤ አንዱ የለም። አንዱን አነሣሁት። በር ክፍት።»